መደርደሪያሽ ላይ ስለቀሩት አልበሞች

ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ብርድ ሲነካው የሚታፈነው ጉሮሮሽስ ተሻለው ወይ? እኔና እናትሽ አለን። የእናትሽ ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር ማጉረምረሙን አልተወም፤ እኔም ወገቤን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። ክፍልሽን አላከራየነውም። እናትሽ አልጋሽ ላይ የታጠበ ልብስ ታጣጥፍበታለች እንጂ ማንም አልተኛበትም።

ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ። መዶሻ የለመደ እጅ ብዕር ሲይዝ ወረቀቱን ይበሳል። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ሁለቱን ቀድጄ ጥያለሁ። ለምን እንደምጽፍልሽ ኋላ እደርስበታለሁ። አሁን ግን አንድ ወሬ ልንገርሽ፦ መደርደሪያሽ ላይ ትተሻቸው የሄድሻቸውን ሃያ ሦስት አልበሞች ሰምቼ ጨረስኩ። አዎ፣ እኔ አባትሽ። እንዳትስቂ። ወይም ሳቂ፤ ሳቅሽን ከሰማሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል።

ከግራ ጀምሬ ወደ ቀኝ፣ ልክ እንደደረደርሻቸው ነው የሰማኋቸው። የቤቱ ማጫወቻ ስለተበላሸ አንድ አንዱን ወደ ጋራዥ እየወሰድኩ፣ ለጥገና በገቡት መኪናዎች ውስጥ ነው የማዳምጠው። ለምሳ ሌሎቹ ሲወጡ ደህና ማጫወቻ ያለው መኪና እመርጥና ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። በር ካለው ማለቴ ነው። ቀለም ቀቢው ጓደኛዬ፣ ቱታው ላይ የሌለ ቀለም ስለሌለ አንቺ ቀስተ ደመና ያልሽው፣ ሰውዬው በስተርጅና ዳንኪራ አማረው እያለ ለደንበኛው ሁሉ ያወራብኛል። ያውራ።

አስተያየቴን ስሚኝ እንግዲህ። ስለ ሙዚቃ አላውቅም፤ የማውቀው ላሜራ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የተጨረማመተ መኪና ሳቃና የኖርኩት ግን በዓይኔ ብቻ አይደለም፣ በጆሮዬም ነው። የመኪና ሻጭ መቼም መኪናዬ ተጋጭቶ አያውቅም ብሎ ይምላል። እኔ በጣቴ አንጓ መታ መታ አደርገዋለሁ። ንጹሕ ላሜራ ይጮሃል። ስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ከሆነ ድምፁ ድፍን ይላል፣ ከቀለሙ ሥር የተሸፈነ ነገር እንዳለ ያሳብቃል። ያንቺንም አልበሞች በዚሁ መንገድ ነው የመዘንኳቸው።

የመጀመሪያው፣ ያ ወርቃማ ሽፋን ያለው፣ ታክሲው ሁሉ ሲያጫውተው የነበረ ነው። እስከ ሦስተኛው ዘፈን እግሬን አስመትቶኛል፤ አልዋሽም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ያው ነው። ልጁ በየዘፈኑ ፍቅረኛው ትከዳዋለች፣ በየዘፈኑ ያው ከበሮ መጥቶ ያነሳዋል። ስቱኮ በዝቶበታል። ቀለሙ ያምራል፣ ግን ጠጠር ቢነካው ይፈነቀላል። ቀስተ ደመና ወዶት ወስዶታል፤ ስትመጪ አስመልስልሻለሁ።

ሰማያዊው፣ ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችበት፣ ገና ስጀምረው አናደደኝ። ጊታሩ ያልተቃኘ ይመስላል። ዘፈን ትጀምርና ትተወዋለች፣ ሌላ ትጀምራለች። ሥራ እንዲህ ተንጠልጥሎ ይቀራል ወይ ብዬ አወጣሁት። በማግስቱ መልሼ ከተትኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ነው የገባኝ። ሴትዮዋ ላለማልቀስ እየታገለች ነው የምትዘፍነው፤ ሰው እንዲያ ሲሆን ደግሞ የጀመረውን ነገር አይጨርስም። አንቺ የሄድሽ ለት እናትሽም እንዲሁ ነበር የምታወራው። ይሄኛው ንጹሕ ላሜራ ነው። ብዙ ገዢ ያገኘ ግን አይመስለኝም።

አራት ጎረምሶች ጋራዥ ውስጥ ቀረጽነው ብለው ሽፋኑ ላይ የጻፉበትም አለ። የማን ጋራዥ እንደሆነ አላውቅም፤ በኛ ጋራዥ እንዲህ የሚጮህ ሰው ሳምንት አይሰነብትም። ዘጠነኛው አልበም ላይ ደግሞ የዝናብ ድምፅና ሲጢጥ የሚል በር ብቻ ሲሆንብኝ ጊዜ ማጫወቻው የተበላሸ መስሎኝ ፈታታሁት። ለካ ዘፈኑ ነው። የሰው ማጫወቻ መልሼ ስገጥም አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ እስካሁን ባለቤቱ አልመጣም።

ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ዋናውን ነገር ለመሸሽ ነው፤ ታውቂኛለሽ።

ያን ቀን የነጩን መኪና በር እያቃናሁ ነበር። የመጀመሪያ ዘፈንሽን ቀርጸሽ ከመንገድ ጀምሮ እየሮጥሽ መጣሽ። አባዬ ይሄን ስማልኝ ብለሽ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሽልኝ። መዶሻዬን አስቀመጥኩ። አራት ደቂቃ ሙሉ ፊቴን እያየሽ ቆምሽ። እኔም የሰማሁትን ተናገርኩ። ከበሮው ጥሩ ነው፣ ያንቺ ድምፅ ግን አይወጣም፣ መሣሪያው ውጦሻል፤ በዚህ ድምፅ ኑሮ አይገፋም፣ ዕድሜሽን ሳትጨርሺ ሌላ ሥራ ፈልጊ አልኩሽ። ያውም በቀስተ ደመና ፊት። አንቺ የማዳመጫውን ገመድ እጅሽ ላይ ቀስ ብለሽ ጠቀለልሽውና ወጣሽ። በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ከቤት ወጣሽ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር እናትሽ ስልኩን ስትዘረጋልኝ በእጄ እየገፋሁ ስመልስላት ኖርኩ። አንድ ቀን ብቻ በግድ አስያዘችኝ። ትንሽ ጆሮዬ ላይ ያዝኩትና አዎ፣ አዎ ብዬ ስልኩን መለስኩላት። ያን ጊዜ ምን እንደጠየቅሽኝ እናትሽ የነገረችኝ አሁን በቅርቡ ነው። አባዬ አሁንም እንደተቀየምከኝ ነህ ወይ ብለሽ ነበር አሉ። ለእናትሽም ከእንግዲህ ደጃችሁን አልረግጥም ያልሻት ከዚያ በኋላ ነው አሉ።

ልጄ፣ ጥያቄሽን አልሰማሁትም። ከሰላምታሽም ጀምሮ ምንም አልሰማሁም። መጀመሪያ ጥፋቱ የስልኩ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ የመስመሩ ነው አልኩ፤ በመጨረሻ የኔ መሆኑን ሳውቅ አፈርኩ። በጆሮው የሚሠራ ሰው ጆሮዬ ደከመ ብሎ ለማን ይናገራል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ዝም አልኩ፤ አንቺ ደግሞ ዝምታዬን ኩርፊያ አደረግሽው። ሌላ ምን ልታደርጊው ትችያለሽ?

ከአራት ወር በፊት አንድ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ጥሩንባውን ቢያስጮኽ ቢያስጮኽ አልሰማ ብዬ፣ ቀስተ ደመና ኮሌታዬን ጎትቶ አተረፈኝ። ለእናትሽ አሳበቀ። እሷም ቀጠሮ አስይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ መስኮት ያላት ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀመጠኝና ማዳመጫ አጠለቀልኝ፤ ድምፅ ስትሰማ ይህችን ቁልፍ ተጫን አለኝ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ተጫንኩ። ከዚያ ዝም ሲል ቀጣዩን እስኪጀምር ብዬ ቁልፏን ይዤ ስጠብቅ በሩን ከፍቶ ጨርሰናል አለኝ።

ውጤቱን በወረቀት ላይ አሳየኝ። መስመሩ ከግራ ደህና ይመጣል፤ ከበሮ፣ የሞተር ጉርምርምታ፣ ወፍራም ነገር ሁሉ እዚያ ጋ ነው። ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲሄድ ገደል ይገባል። የመዶሻው ሥራ ነው አለኝ። ከጀመረኝ ስንት ጊዜ ይሆነዋል ብዬ ጠየቅኩት፤ ቢያንስ አሥር ዓመት አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስለ ሐሜት ብቻ የሚነገር ይመስለኝ ነበር። አሥር ዓመት ማለት፣ አንቺ ማዳመጫውን ስትደፊልኝ የደከመ ጆሮ ነው ያገኘሽው። ያንቺ ድምፅ ቀጭን ነው ልጄ። ድምፅሽ ወጥቶ ነበር። ያልደረሰው እኔ ጋ ነው። እኔ ደግሞ ያልሰማሁትን ነገር የለም ብዬ ፈረድኩበት።

ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ ለሁለቱም ጆሮዬ ሰጡኝ። የግራው ለጌጥ ነው፤ የቀኙ ይሠራል። ወደ ቤት ስንመለስ የእናትሽ ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ሲንሿሿ ሰማሁና ቆምኩ። የዚያኑ ዕለት ክፍልሽ ገባሁ። ያንቺን ድምፅ ለመስማት ፊት ስላልነበረኝ፣ እንደ ተማሪ ከመጀመሪያው ልጀምር፣ መስማት ልማር አልኩ። አልበሞቹን የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ሃያ ሦስተኛውን የጨረስኩ ቀን እናትሽ ከቁም ሣጥኗ ሃያ አራተኛውን አወጣች። የራስሽን። ለሷ ልከሽላት አሥራ አንድ ወር ከፎጣ ሥር ደብቃዋለች፤ አይቶ ክፉ እንዳይናገር ብዬ ነው አለችኝ። አልተቀየምኳትም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ደህናውን ጫማዋን አድርጋ ጋራዥ መጣች። በሩን ራሴ ያቃናሁት አረንጓዴ መኪና ነበር፤ እኔ መሪው ጋ፣ እሷ በቀኜ ተቀመጥን። ቀስተ ደመና ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ፣ የግቢውን በር ዘግቶ፣ ምንም ሳይቀልድ ወጣ። መሣሪያ አድርጌም ቃላቱ ስለሚፈራርሱብኝ፣ እናትሽ ከአልበሙ ጋር ያለውን የግጥም ወረቀት ዘርግታ በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች አሳየችኝ።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ድምፅሽ መጣ። እስኪያልቅ ድረስ አልተነፈስኩም ብልሽ እመኚኝ። ሁለተኛው ላይ ቸኩለሻል። አራተኛው ረዝሟል። አምስተኛው ስቱኮ አለበት፤ ያን ሁሉ ቫዮሊን የጨመረልሽ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ያንቺ ድምፅ መሙያ አያስፈልገውም በይው። ስድስተኛውን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። እውነቱን ነው የምልሽ፤ የማልሰማውን አልፈርድም፣ የሰማሁትንም አልደብቅሽም።

ከሰባተኛው በኋላ መሣሪያው ይሁን ጆሮዬ፣ ድምፅሽ እየሳሳ ሄደብኝ። የእናትሽ ጣት ግን ወረቀቱ ላይ ይሄዳል። እንዳላስቆማት ብዬ ዝም አልኩና ግራ እጄን በሩ ላይ፣ ድምፅ ማጉያው ያለበት ላይ አሳረፍኩ። ስምንተኛውን እንዲያ አለፍኩት። ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ላይ፣ የእናትሽ ጣት ቆመ። አፏን በእጇ ያዘች። ያለቀ መስሎኝ እጄን ላነሳ ስል ላሜራው ከመዳፌ ሥር መታ። ሁለት ፈጠን ያሉ፣ አንድ ከበድ ያለ፣ ከዚያ እረፍት። እንደገና ሁለት ፈጠን ያሉ፣ አንድ ከበድ ያለ፣ እረፍት።

ያቺን እረፍት አውቃታለሁ። ከመታሁ በኋላ መቃናቱን ለማየት ላሜራውን በመዳፌ የምዳብስባት ናት። መቼ እንደቀረጽሽኝ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን በፊት ይሁን ያኑ ዕለት፣ እናትሽም አታውቅም። ወረቀቱን ገልብጣ የመጨረሻውን ገጽ አሳየችኝ። የጊታር ተጫዋቹ ስም አለ፣ የከበሮ መቺው ስም አለ፣ ከሁሉም ሥር እንዲህ ይላል፦ መዶሻ፣ አባቴ። ያውም እኔ እንደዚያ ከተናገርኩሽ በኋላ። በሰው መኪና ውስጥ አለቀስኩ። እናትሽም አልከለከለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ ነበር። አዲሱን ወረቀት ከፊተኛው አጠገብ አስቀመጠው፤ የአዲሱ መስመር ቀድሞ ገደል ይገባል። እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም ቀጠሮዬን አቀረበው። ስለዚህ በስልክ አትድከሚ። ነይ። ይቅር በይኝና ነይ፤ ይቅር ለማለት ጊዜ ከፈለግሽም እዚሁ ሆነሽ አስቢበት። ግን አታዘግዪው። ያን ያልሰማሁትን የመጀመሪያ ዘፈን፣ ያለ ጊታር ያለ ከበሮ፣ በቀኜ ተቀምጠሽ ትዘፍኚልኛለሽ። ከግራ እንዳትቀመጪ።

ደጅ ስትወጪ መንገዱ ይቅናሽ። የሚሰማሽ አትጪ። ድምፅሽን ይጠብቅልሽ፣ ጉሮሮሽን ከብርድ ይሸፍንልሽ። እናትሽ ሳምልኝ ብላኛለች፤ ስማሻለች።

መዶሻ፣
አባትሽ