የበርሜሉ ክዳን

ጥቅምት 4
ልብስ አጠብኩ። ሽንኩርት አልቋል። የኋላውን ክፍል የተከራየችው ተመራማሪ ዛሬ ገባች። ሻንጣዋ አንድ፣ እንጨቷ ግን አንድ ጋሪ ሙሉ! “እማማ፣ ግቢው ውስጥ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ብፈገፍግ እረብሽዎታለሁ?” ለማገዶ መስሎኝ “መጥረቢያ ላውስሽ?” ብላት ሳቀች። የዛፍ ቀለበት ነው የምትቆጥረው። አንድ ቀለበት፣ አንድ ዓመት። እሳተ ገሞራው ተራራችን ድሮ ጭቃ ያወረደው መቼ መቼ እንደሆነ ከዛፎቹ ልታነብ ነው የመጣችው።

ከእንጨት ማንበብ... ያጠብኩትን ሳህን ደግሜ አጠብኩት።

ጥቅምት 7
ልጄና ባሏ መጡ። ወንዙ ዳር ካለው ሜዳ ላይ የቤት ቦታ ደርሷቸዋል። ችካል ሳይቀር ተክለዋል። “ለጥ ያለ መሬት እኮ ነው እማ! ውኃው ደጄ ላይ!” አማቼ ደግሞ፦ “የዚያን ጊዜው ጭቃ በሺህ ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው አሉ። እኛ እንደሁ ሺህ ዓመት አንኖር!”

ተሳሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ምን ፈገግ ያሰኘኛል? አባቷን የወሰደው ያ ጭቃ አይደለም እንዴ?

ትንሿ የልጅ ልጄ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አራት ዓመቷ ነው።

ጥቅምት 8
ዘነበ። ስድስት ጊዜ ወጥቼ ወንዙን አየሁ።

ጥቅምት 12
ተመራማሪዋ እንጨቱን በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ። ጭቃው ድንጋይና ግንድ እየነዳ ሲወርድ የዛፉን ቅርፊት ይልጠዋል። ዛፉ ካልሞተ ቁስሉን በዓመታት ይሸፍነዋል። “ከውጭ ምንም የለም እማማ። ውስጡ ግን አለ።”

ከዚያ ተከዘች። “ሜዳው ላይ አንድ ያረጀ ዛፍ ባገኝ... ሁሉም ለጋ ነው። ትልልቆቹን ማን ፈጃቸው?”

ማን እንደቆረጣቸው አውቃለሁ። ወደ ጓዳ ገባሁ። ድስቱ አረረብኝ።

ጥቅምት 13
ይኸው ልጻፈው። ለራሴም ጽፌው አላውቅ።

ባለቤቴ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ነበር የሚሠራው። ከሜዳው ትልቁን ዛፍ የጣለ ዕለት ከግንዱ አንድ ክብ ቆርጦ ተሸክሞ መጣ። “ነይ እስቲ እዪልኝ። ይሄ ዛፍ ሦስት ጊዜ ተመትቷል። በአርባ ዓመት ገደማ አንዴ። ከመጨረሻው ወዲህ ሠላሳ ስምንት ቆጠርኩ። ለሰፈሩ ሰው ብነግርስ?”

መጽሐፍ ይዤ ነበር። ፊደል ራሴን በራሴ ያስተማርኩ፣ የሰፈሩ አንባቢ እኔ! “ተራራው ከሞተ ቆየ፣ ተጽፏል። በእንጨት ጥንቆላ ሰው ፊት እንዳታዋርደኝ” አልኩት። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።

“እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ” አለ። ክቡን የውኃ በርሜሉ ክዳን አደረገው።

በአምስተኛው ወር ጭቃው ወረደ። መሰንጠቂያው ወንዙ ዳር ነበር።

ሃያ ዓመት ከዚያ በርሜል ውኃ ቀድቻለሁ። እሱ ምልክት ያደረገበትን ፊት ወደ ታች እየደፋሁ።

ጥቅምት 14
ክዳኑን አነሣሁ፣ መለስኩ። አነሣሁ፣ መለስኩ። ለተመራማሪዋ ከሰጠኋት ልጄ ትሰማለች። ካልሰጠኋት ልጄ ሜዳው ላይ ትሠራለች። ይሄ ምርጫ ነው?

ጥቅምት 15
ሰጠኋት። ገለበጠችና ቀጥ ብላ ቀረች። ሦስት የአናጢ እርሳስ ጭረቶች፣ በሦስቱ ቁስሎች አጠገብ። “ማን ነው ያደረገው?”

“ባለቤቴ።”

“ተመራማሪ ነበሩ?”

“እንጨት ሰንጣቂ።”

ጭረቶቹን ሳትነካ ከጎን አንድ መስመር ብቻ ፈገፈገች።

ጥቅምት 19
መርፌ ይዤ እኔም ቆጠርኩ። ከቅርፊቱ እስከ መጨረሻው ቁስል ሠላሳ ስምንት። እሷ ጭቃ ከማይደርስበት ከኮረብታው ዛፎች ጋር አስተያየችና “አርባ አንድ” አለች። ዛፉ ከተመታ በኋላ ሦስት ዓመት ቀለበት አልሠራም። “ታሞ ነበር። በሕይወት አለ፣ ግን አልመዘገበም።”

እሱና እኔ አንድ ዓይነት ስህተት! ሁለት ዓመት የቀረ መስሎት ነበር እኮ...

“ቀጣዩስ መቼ ነው?” አልኳት።

“ዛፍ ያለፈውን ይናገራል እንጂ ቀጠሮ አይሰጥም፣ እማማ። ግን ሜዳው ላይ ቤት? እኔ አልሠራም።”

ከአርባው ሃያው አልፏል። ሌላ ሃያ ቢጨመር ትንሿ ሃያ አራት ይሆናታል።

ጥቅምት 21
ነገርኳት። ሁሉንም። ልጄ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አደረገች።

“ሃያ ዓመት ሙሉ?”

“አዎ።”

“እኔ እኮ ‘አባዬ ሳያውቅ ነው የሞተው’ እያልኩ ነበር የምጽናናው።”

ነጠላዋን ረስታ ወጣች።

ጥቅምት 22
አልመጣችም።

ጥቅምት 27
አልመጣችም። መጽሐፍ እገልጣለሁ፣ ያው ገጽ። ነጠላዋን አጠብኩ፣ አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ።

ኅዳር 2
መጣች። ትንሿንም ይዛ። ከጆንያ ችካሎቹን ግቢው ውስጥ ዘረገፈቻቸው። “ማገዶ አድርጊያቸው። ላይኛው ሰፈር ካለ ሰው ጋር ተለዋወጥን። ድንጋይ ብቻ ነው። ውኃ የምታመላልሺልኝ አንቺ ነሽ!”

“ይሁን፣ አመላልሳለሁ” አልኩ።

ተቀመጠች። “የታለ?” ክቡን አመጣሁላት። ጭረቶቹን በጣቷ ነካቻቸው። “እሱ ያለውን እንዳለ ንገሪኝ። እንዳታስተካክዪው።” ነገርኳት። “አንቺ ታውቂያለሽ” ያለውንም። አለቀሰች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ነጠላዋን ግን ከእጄ ተቀብላ ለበሰችው።

ዝናቡ ጀመረ። በርሜሉ አሁን የቆርቆሮ ክዳን ነው ያለው፣ ጠብታ ሲመታው ይጮኻል። ልጄ ወንዙን ለማየት የምወጣ መስሏት እግሯን ሰብስባ መንገድ ለቀቀችልኝ።

አልወጣሁም። ትንሿ ክቡ ላይ ተደፍታ ቀለበት ትቆጥራለች። ከዐሥር ቀጥሎ “ሃያ!” አለች። ጣቷን ያዝኩና ወደ ኋላ መለስኩት።

“ዐሥራ አንድ” አልኳት።