ከእናት ብቻ የሚወረስ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እታለሜ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደብቀሽኛል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም አሁን ደህና ናት። «አሁን» ያልኩት በምክንያት ነውና ሳትደነግጪ አንብቢው።

ከሦስት ሳምንት በፊት እማዬ መጋረጃ ላውርድ ብላ ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። እኔ እያስተማርኩ ነበር፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደውላልኝ በሩጫ ሆስፒታል ደረስኩ። ለቀዶ ጥገናው ደም ያስፈልጋል ሲሉኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ቀረብኩ። ሁሉም በሰላም አለቀ። ዛሬ በምርኩዝ ቤቱን እየዞረች «ድስቱን የት ደበቅሽብኝ» እያለች ትቆጣኛለች።

የላቦራቶሪዋ ሴት የሰጠችኝ ወረቀት ግን የእኔ ደም ኦ፣ የእማዬ ኤቢ ነው ይላል። ተሳስታችኋል አልኳት። ደግማ መረመረችልኝ፤ ያው ነው።

እታለም፣ ይህን እኮ አሥር ዓመት ያስተማርኩት ነው። ልጅ ሃያ ሦስት ክሮሞሶም ከእናቱ፣ ሃያ ሦስት ከአባቱ ይወስዳል። ለደም ዓይነቱም ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጂን ይደርሰዋል። ኤቢ የሆነች እናት ያላት አንድ ኤና አንድ ቢ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ትሰጣለች። ኦ ለመሆን ደግሞ ከሁለቱም ወላጅ ኦ መቀበል ያስፈልጋል። የሌላትን ከየት አምጥታ ትሰጠኛለች?

ባለፈው ሰኞ ይህንኑ ሳስረዳ ፊት የምትቀመጠው ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እናትየዋ ኤቢ፣ ልጅቷ ኦ ከሆነች ማደጎ ናት ማለት ነው?» አለችኝ። በጣም አልፎ አልፎ ከሕጉ የሚወጣ ያጋጥማል ብዬ መለስኩላት። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ፤ ክፍሉ ሳቀብኝ።

ማደጎ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ትንሿ ጣቴ እንደ እማዬ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለች ናት። በላክሽልን ፎቶ ላይ ያንቺም እንደዚያው ነው።

የእማዬን የሌሊት ልብስ ስፈልግ ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ የክሊኒክ ካርድ አገኘሁ። ያንቺ ነው። የደም ዓይነት፣ ኤ። የሐኪሙ ጽሑፍ አይነበብም፤ ቀጠሮዎቹ ግን በየወሩ ናቸው፤ የመጨረሻው እኔ ልወለድ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ነው። ኤ የሆነ ሰው በውስጡ ድብቅ ኦ ሊይዝ ይችላል። ይህንንም አስተምራለሁ።

ካርዱን ለእማዬ አሳየኋት። ተቀብላ ስምሽን በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ «አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሰው ምን ይላል ብዬ የፈራሁት እኔ ነኝ፤ ያራቅኋትም እኔ ነኝ። የቀረውን እሷ ትንገርሽ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ወደ ውጭ አገር ሄድሽ አሉኝ። ፊትሽን ከፎቶ በቀር አላውቀውም። በየዓመቱ የምትልኪልኝ ጫማ ግን አንድም ቀን ጠብቦኝ ወይም ሰፍቶኝ አያውቅም። ሳታዪኝ እንዴት ታውቂ ነበር? እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ እህት ስናፍቅሽ ኖርኩ። ለካ ናፍቆቴ አንሶብሽ ነበር።

ለተማሪዎቼ ልነግራቸው የምወደው አንድ ነገር አለ። በሴል ውስጥ ኃይል የምታመርተው ማይቶኮንድሪያ የራሷ ትንሽ ዲኤንኤ አላት፤ እሱ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ስለዚህ የእማዬም፣ ያንቺም፣ የእኔም አንድ ነው። በዚያ ብቻ ቢመረምሩን ማንኛችን የማን እንደሆንን የሚለይ የለም። ይህ ደስ ይለኛል። እማዬን እማዬ ማለቴን አልተውም፤ አንቺም ቂም እንዳትይዢባት። አርጅታለች።

ነይ። አልተቀየምኩም፤ ተቀይሜም ከሆነ ስትመጪ ይወጣልኛል። መስኮቱ አጠገብ ያለውን አልጋ አንጥፌልሻለሁ። በር ላይ ስትቆሚ ምን ብዬ እንደምጠራሽ ግን አላውቅም። መንገዱን ሙሉ አስቢበትና አንቺው ንገሪኝ።

ፈጣሪ በሰላም ያምጣሽ፤ መንገድሽን ያቅልልሽ፤ ሦስታችንን በአንድ ጣራ ሥር ያሳየን።

እስክትመጪ ድረስ፣
እህትሽ