እስከ ጅረቱ የተከተልሁት ኮት

ማንጠግቦሽ፣

ብዕሩን የያዘችው ልጅሽ ትርንጎ ናት። ቅዳሜ ስለሆነ ከምታስተምርበት ከንፋስ መውጫ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርሁ ታውቂያለሽ፤ አፍሬበትም አላውቅ። የምለውን እንዳለ ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

ከተለየሽን መንፈቅ አለፈ። የሄድሽው በጥር ነው፣ ገብሱ ከአውድማ ሳይነሣ። አሁን ክረምቱ ገብቷል። ቤቱ በጓዳው በኩል ያፈሳል። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። መርፌሽ ከነጥቁር ክሩ ምሰሶው ላይ እንደተሰካ አለ፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀድሁም። የሸሚዜ ቁልፍ ተበጥሶ ደረቴን ብርድ እየገባው እሄዳለሁ።

ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ደህና እላለሁ። ላንቺ አልዋሽም። ደህና አይደለሁም። ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ከአርብ እስከ እሑድ ያለው ነው፤ እሱ የእኛ ነበራ።

አርብ አርብ ገበያ እንወርዳለን። አህያዋን ከዋርካው ሥር አስረን በቀጥታ ወደ ሰልባጁ ክምር ነው። ሌላው ሴት በቆመበት ሲያነሳ ሲጥል፣ አንቺ ሸራው ዳር ቁጢጥ ብለሽ አንድ በአንድ ታራግፊያለሽ፤ ኪሱን ትፈትሻለሽ፣ ስፌቱን ትጎትቻለሽ። ነጋዴው አንድ ቀን፣ «እማማ፣ ልብስ ይመርጣሉ ወይስ ገብስ ያበጥራሉ?» አለሽ። ቀናም ሳትይ፣ «ገብስማ ቢሆን እንዳንተ ግርድ የበዛበት አይቼ አላውቅም» አልሽው። ሸራው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ። የኔ ሥራ መኮሳተር ነበር። ትንሽ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ ዓይንሽን ስትጥይብኝ «በይ ተነሽ፣ እንሂድ» እላለሁ፤ ነጋዴው ይደነግጥና ዋጋውን ይቀንሳል። ተስማምተን ያደረግነው መሆኑን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለሁለት አንድ ጣሳ ጠላ። ከጨርቅሽ ቋጠሮ የባቄላ ቆሎ። ቅዳሜ አይታረስ፤ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠን የገዛሽውን እንፈታለን። በእንዶድ አጥበሽ አጥሩ ላይ ታሰጪዋለሽ። እሑድ ለብሰነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚህ የበለጠ ነገር አልፈለግሁም፤ ግን ይህን አንድም ቀን አልነገርሁሽም።

ያንን ወይን ጠጅ ኮት ያገኘሽ ዕለትም አልነገርሁሽም። ከኋላው ተሰንጥቆ ነበር፤ እዚያው ገበያው ላይ በጥቁር ክር ዘጋሽው። አንድ ቁልፍ ጎደለው፤ ከኔ ሸሚዝ ነጩን ፈተሽ ሰፋሽበት። ስንመለስ፣ «አንቱ፣ እስቲ ዛሬ እኔ ልቅደምና ስንጥቁ ያስታውቅ እንደሆን ከኋላ ይዩልኝ» አልሽኝ። በኛ መንገድ ወንድ ይቀድማል፣ ሴት ከኋላ ትመጣለች። አርባ ዓመት እንዲያ ሄድን። ያን ቀን እሺ አልሁ።

ስንጥቁ አያስታውቅም ነበር። ትከሻሽ ላይ ልክክ ብሏል። ጫፉ ወዲያ ወዲህ ይላል። አሮጊት አልመሰልሽኝም። እንደዚያ አድርጌ አይቼሽ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ደረሱብን። አንዱ «እናንተ፣ ከሁለቱ ባሉ የትኛው ነው?» አለ። ደሜ ፈላ። ጅረቱ ጋ ስንደርስ አልፌሽ ሄድሁ። «ትንሽ ቢያዩኝ ምን ነበር» አልሽ። «አየሁ፣ በቃ» አልሁሽ። ሳልዞር።

ይኸው ነው ያልሁሽ። ሌላ ቃል አልወጣኝም፤ ከዚያ ወዲያም አልወጣኝም።

አርባሽ ሲወጣ ልብስሽን ሁሉ ለነዳያን አወጣሁ። ትርንጎ ኮቱን ይዛ፣ «አባዬ፣ ይችን አንዷን ላስቀራት» አለችኝ። ዘመድ ፊት ነበር። የሟች ልብስ ደበቀ ልባል ነው ብዬ ከእጇ ነጠቅኋት። አሁን እየጻፈች ታለቅሳለች። አልቅሺ ልጄ፣ ወረቀቱን ብቻ አታርጥቢው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ጻፊ።

ቀጥሎ ያለውን እሷም አታውቅ። ሰኔ ላይ ገበያው መሐል ከፊቴ ኮቱን አየሁት። ጥቁሩ ክር፣ ትከሻው፣ ሁሉም። ማንጠግቦሽ፣ መሞትሽን ረሳሁት። በእህል ተራው፣ በአህዮቹ መሐል ተከተልሁሽ። አልቀደምሁም። ሰው ገፋኝ፣ ሰደበኝ፤ ዓይኔን ከጀርባሽ አላነሣሁም።

ዞር ስትል ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የምትቀመጠዋ ባልቴት ናት። «ምን ሆኑ አባባ?» አለችኝ። ጋቢዬን አውልቄ፣ ይህን አዲስ ጋቢ ልስጥሽና ኮቱን መልሽልኝ አልኋት። እኔ፣ የሰጠሁትን ጠይቄ የማላውቀው። ለምን እንኳ አላለችኝም፤ ቁልፉን መፍታት ጀመረች። ከሥር የለበሰችው ቀሚስ ትከሻው የለም። ዝናቡ መጥቷል። ነጩን ቁልፍ ስትነካ፣ «ተይው፣ ልብሱ ይሞቅሽ እንደሆን ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አልኋት። «ይሞቀኛል፣ ነፍስ ይማር» አለችኝ። ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጥዬ ሄድሁ። ለጽድቅ አይደለም። እጄ ላይ ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ የምገዛም የምሸጥም ሳይኖረኝ አርብ አርብ እወርዳለሁ። ትርንጎ ምን ያመላልስሃል ትለኛለች። ይኸው ነው። ሰልባጁ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የባልቴቷ ጀርባ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ያለፉት ሁለት አርቦች አልመጣችም። ወንድሟ ዘንድ እስቴ ወርዳለች፣ አትመለስም ይላሉ። አሁን እሱም የለኝ።

ሰው ለሞተበት አልረሳሽም ይላል። እኔ እንዲያ ብዬ አልምልም። ፎቶ የለሽም፤ ፊትሽ እየጠፋኝ ነው። ጠዋት ላይ አፍንጫሽን ፈልጌ አጣሁት። ጀርባሽ ግን ከገበያው እስከ ጅረቱ ድረስ አለኝ። እሱን እይዛለሁ። ከዚያ በላይ ያላየሁት በራሴ እጅ ነው።

ልክሽ ነበር፣ ማንጠግቦሽ። ኮቱ ልክሽ ነበር።

በይ ትርንጎ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ እያልሽ። ጅረቱ ጋ ስትደርሺ አቁሚ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አውቀዋለሁ።