ከብረቱ ጩኸት ሥር የተሰማው

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጣሃ ሙሐመድአሚን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በብርዱ ጊዜ የሚያስቸግርህ ሳል ተሻለህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ታስላለህ? ባለቤትህ ሂያምስ ደህና ናት? ልጅህ ሙእሚንስ ጥርስ አወጣ? ሆላንድ እንደ ሰው አገር ፀሐይ ይወጣል ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰመራ ላይ ሙቀቱ ሞልቶ ተርፎናል፤ ከፈለግህ በጆንያ እልክልሃለሁ።

ድምፄን ቀድቼ መላክ ስችል በወረቀት መጻፌ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። ያዘዙኝ አባባ ናቸው። «በስልክ ከነገርሽው ድምፃችንን ቆራርጦ በዚያ ጩኸቱ ውስጥ ይከተዋል፤ ወረቀት አይጮህም» አሉ። እዚሁ ሰመራ፣ እኔ ቤት ናቸው፤ አጠገቤ ተቀምጠው ስጽፍ ያዩኛል። አትደንግጥ፣ ደህና ናቸው። ከአዋሽ ድረስ እንዴት እንደመጡ ነው የምነግርህ፤ ያመጣቸው ያው ያንተ አልበም ነው።

ባለፈው የጠየቅኸኝ አንድ ነገር ነበር። አባባ አልበሙን ሰምተውታል ወይ፣ ለዐረፋ ብመጣስ ፊታቸውን ያዞሩብኛል ወይ ብለኸኝ ነበር። መልሱን ያቆየሁት ከእሳቸው ማግኘት ስላቃተኝ ነው። በደወልኩ ቁጥር ያንተን ነገር ሳነሳ «ብረት የሚጮኸው ዘይት ሲያጣ ነው፤ ይቀባል እንጂ አይቀዳም» ይሉና ስልኩን ለጎረቤታችን ለቃሲም ያቀብሉታል። አልፈርድባቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዋሽ ባቡር ጣቢያ የፉርጎ መሽከርከሪያ ዘይት ሲያጠጡ፣ ብረት ዝም ሲያሰኙ ኖሩ። ልጃቸው ደግሞ የዚያኑ ብረት ጩኸት ቀድቶ፣ አልበም ብሎ ለዓለም በተነው። ከሄድክ ጀምሮ «ያ ልጅ» እንጂ ጣሃ ብለው ጠርተውህ አያውቁም።

የእኔን ከጠየቅኸኝ ልዋሽህ አልችልም፣ አልወደድኩትም። ሳህን እያጠብኩ ከፈትኩትና ሁለተኛው ክፍል ሳያልቅ ራሴን ፈለጠኝ፤ ኪኒን ውጬ ተኛሁ። እዚያ አገር የጻፉብህን ልከህልኝ የለ? አንዱ የዓመቱ ትልቅ ሥራ ነው ሲል ሌላው ደግሞ ጎረቤቴ ፖሊስ ጠራብኝ ብሎ ተሳድቧል። እኔ ከጎረቤትየው ጋር ነኝ። ቢሆንም ወንድሜ ነህ፤ የደከምክበት ነገር በእኔ ስልክ ውስጥ ታፍኖ እንዲቀር አልፈለግሁም። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሾፌሮቹ ምሳ በሚበሉበት ሰዓት፣ ምግብ ቤቴ ውስጥ በትልቁ ስፒከር ለቀቅሁት።

ምነው ባልለቀቅሁት! ጅቡቲ የሚመላለሰው የቦቴ ሾፌር ብዙነህ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ብድግ ብሎ ወደ መኪናው ሮጠ፤ ፍሬኑ የተበጠሰ መስሎት። ተመልሶ መጣና «እኔ እዚህ የምበላው ከዚህ ድምፅ ላርፍ ነው» ብሎ ምግቡን ትቶ ወጣ። አብሮት የነበረው ሾፌር ግን ጨምሪበት አለኝ፤ ቁልቁለት ላይ ጆሮው ውስጥ ያለውን ነገር ለሚስቱ ማስረዳት አቅቶት ኖሮ አሁን የሚያሰማት አገኘ። ወጥ ሠሪዬ ትርንጎ አማተበችና ወይ እሱ ወይ እኔ አለች። ልጄ ኡምሰልማ በበኩሏ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿን እየሰበሰበች ታመጣለች፤ ግማሾቹ ጥበብ ነው፣ ግማሾቹ የድስት ክዳን ነው እያሉ ይጨቃጨቃሉ፤ እስካሁን የተኳረፉም አሉ። ደንበኛዬ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ነይ ክፈቺልኝ ይላል፣ ሌላው ከመግባቱ በፊት በበር አንገቱን አስግጎ መከፈት አለመከፈቱን ያጣራል።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይነቃነቅ የሰማው ኡበይዳ ነው። ኡበይዳ የአፋምቦ ሰው ነው፣ ግመል ይነግዳል፤ ሰመራ በመጣ ቁጥር እኔ ዘንድ በወተት ሻይ ይጠጣል። ያን ቀን አገጩን ዱላው ላይ አስደግፎ ሰማ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሲያልቅ ተነሣና የማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሆላንድ ያለው የወንድሜ የጣሃ ነው አልኩት። እንግዳ ስለበዛብኝ አልበም ምን እንደሆነ፣ ሰው ተቀምጦ የሚሠራው ነገር እንደሆነ አልነገርኩትም። ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ዳጉን መቼም አልረሳኸውም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም፤ የሰማውም ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ውሸት የጨመረ ሰው ከእንግዲህ ማን ያምነዋል? ኡበይዳም እንደ ደንቡ የሰማውን ይዞ ሄደ። በእኔ ስም ጀምሮ፣ የኡሙሀኒ ወንድም ጣሃ ባሕር ማዶ ብረት በሚጮህበት ቦታ ነው፤ ነፋስ አለ፤ ብረቱን ዝም የሚያሰኘው የለም፤ ልጁ አባቱን ይጣራል፣ የሚመልስለት የለም። ይኸው ነው ያለው። ሚሌ ላይ ነገረ፣ ከሚሌ አዳይቱ ደረሰ፣ ከአዳይቱም አዋሽ ገባ።

አባባ የሰሙት አዋሽ ገበያ ላይ ነው፤ የነገራቸውም ለዓመታት ወተት ሲያመጣላቸው የኖረ፣ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው። ለእኔ አልደወሉም። ቃሲምን አስከትለው የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ወጡ። እኩለ ቀን ላይ፣ ውጭው እንደ እሳት በሚፋጅበት ሰዓት፣ አቧራ ለብሰው ምግብ ቤቴ ገቡ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ «በሕይወት አለ?» አሉ። ማን አልኳቸው። «ጣሃ!» አሉ። ስምህን ጠሩ። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ ወንድሜ፤ «ያ ልጅ» አላሉም፣ ስምህን ጠሩ።

ዕቃቸውን ስቀበላቸው ከበደኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለው አፈ ረጅሙ የዘይት ጣሳቸው ነበር፤ ያ ጣቢያ ይዘውት የሚውሉት። ይህን ምን ሊያደርግልዎ አመጡት ብላቸው «ብረቱ ይጮሃል አሉኝ» ብቻ ነው ያሉት። ልስቅ ወይስ ላልቅስ? ጓዳ ገባሁና ሁለቱንም አደረግሁ።

ከዚያ ወጥቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ጣሃ ደህና ነው፣ ትናንት አውርቼዋለሁ፣ ኡበይዳ የሰማው አልበሙን ነው አልኳቸው። አቤት የተቆጡት! ድንጋጤው ሁሉ ወደ ንዴት ዞረ። «ደግሞ ያ ጩኸት ነው ለካ፣ እኔን እዚህ ድረስ ያስሮጠኝ» አሉ። ቃሲም ይባስ ብሎ በሰው ፊት፣ «አልበሙን እኔ ራሴ በስልክ ሰምቼዋለሁ፣ የሚጣራ ሰው የለበትም፣ ኡበይዳ ዋሽቷል» አለ። ትርንጎ አፉን በእጇ ልትይዘው ምንም አልቀራት። ይህ ቃል ለአንድ አፋር ምን ማለት እንደሆነ አዋሽ ያደገ ሰው ይጠፋዋል?

ከዐስር ሶላት በኋላ ኡበይዳ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዋሽቼ ከሆነ ሽማግሌዎቹ ይፍረዱብኝ፣ ካልዋሸሁ ደግሞ ውሸታም ያለኝ ሰው ይፈረድበት ብሎ ተቀመጠ። የምኖረው ከአፋሮቹ ጋር ነው፤ ስቸገር የደረሱልኝ እነሱ ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ያንተን ነገር ፈራሁ። አባባ የጉዞ ልብሳቸውን እንኳ አላወለቁም፤ የሚጣራ ሰው ከሌለበት ነገ አዋሽ እመለሳለሁ፣ ከእንግዲህም የዚያን ልጅ ስም እንዳታነሺብኝ ብለውኛል። እኔ ደግሞ ያን አልበም ለደንበኛ እየከፈትኩ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሰው ሲጣራ አልሰማሁም።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ነገሩ ይከፈት፣ ሁላችንም እንሰማለን አሉ። ኡምሰልማ ከፈተችው። ትርንጎ እሳቱን አጥፍታ ወጣች። ብዙነህም ከጅቡቲ ሲመለስ ደርሶብን በሩ ላይ ቆመ። አባባ የዘይት ጣሳውን በእግሮቻቸው መሀል አድርገው ተቀመጡ። ጩኸቱ ሲጀምር አንደኛው ሽማግሌ ይህን የሠራው ሰው ታሞ ነው ወይ ብሎ ኡምሰልማን ጠየቃት። ብዙነህ ላቡን ይጠርጋል። አባባ ጥርሳቸውን ነክሰዋል፤ ብረቱ ሲያፏጭ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ጣሳው ይሄዳል።

ያ ረጅሙ፣ የመጨረሻው ክፍል ላይ ስንደርስ ኡበይዳ ዱላውን ከፍ አደረገ። እዚህ ነው ማለቱ ነው። ሁላችንም ጆሯችንን ቀሰርን። እኔ ብረት ብቻ ነው የሰማሁት። ቃሲም ምንም የለም አለ። አንደኛው ሽማግሌ ነፋስ ብቻ እሰማለሁ አለ። ኡምሰልማ እንኳ፣ በቃሏ የምታውቀው ልጅ፣ ራሷን ነቀነቀች። ኡበይዳ ማንንም አላየም። ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት ማየት ሲጀምሩ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ። በቃ ዝጊው ልላት አፌን ስከፍት፣

አባባ «ወይ!» አሉ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከሚቀጥለው ክፍል ሰው ሲጠራቸው እንደሚሉት ነው፤ ብለውም ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ላይ ያለው ብዙነህ ነው። ከዚያ ሁላችንን አዩን። አንደኛው ሽማግሌ ለማን ነው «ወይ» ያልከው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ልጄ ጠርቶኝ ነው» አሉ።

ኡምሰልማ መልሳ ከፈተችው። አንዴ ካወቅነው በኋላ ሁላችንም ሰማነው። ከብረቱ ጩኸት ሥር ያንተ ድምፅ ቀጥኖ «አባባ፣ አባባ» ይላል፤ ከዚያ እየራቀ የሚሄድ የጫማ ኮቴ አለ። አሮጌው ጣቢያ ላይ የተለያያችሁበት ጠዋት ነው አይደል? አባባ ተቆጥተውብህ ዞር ሳይሉ የሄዱበት ዕለት። አንተ ግን ምን ዓይነት ሰው ነህ? ዓለም ሁሉ እንዲሰማው ስትለቀው ለእኔ ለእህትህ አንድ ቃል ትነግረኝ አልነበር? ሳገኝህ ጆሮህን ነው የምጠመዝዝህ።

ቃሲም ተነሥቶ የኡበይዳን እጅ ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ኡበይዳም ይቅር አለውና ሻይ አምጪ አለኝ። ሰዉ ከወጣ በኋላ አባባ ስፒከሩ አጠገብ ወንበር ስበው ያቺኑ ቦታ ደጋግመው ሰሙ። ብቻቸውን ተውኳቸው።

አሁን መልስህን ልስጥህ። ሥራህን አልወደዱትም፤ ብረቱ ዘይት ይፈልጋል በዪው ብለውኛል። ለዐረፋ ይምጣ ብለዋል። ይቅር ብለውሃል ብዬ ልጻፍለት ብላቸው «ይቅርታ መቼ ጠየቀኝ? ጠራኝ እንጂ» አሉ። ጣሳውን ወደ አዋሽ መልሰው አይወስዱትም፤ እኔ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ስትመጣ አብራችሁ ጣቢያው ትሄዳላችሁ፣ መጀመሪያ አንተ ትቀዳለህ፣ ከዚያ እሳቸው ይቀባሉ። ልብሳቸውንም አውልቀው ታጥቦላቸዋል፤ እስክትመጣ እዚሁ ናቸው።

ሂያምን ሰላም በልልኝ፤ ሙእሚንን ጉንጩን ሳምልኝ፣ ጩኸቱንም አታስለምደው። ኡምሰልማን በጣም ናፍቀሃታል፤ ጓደኞቿ ከአንተ ጋር ሊከራከሩ ተሰልፈዋል። ትርንጎ ሰላም ብላሃለች፤ ስትመጣ የምትወደውን እሠራለታለሁ፣ እሱም ስሠራ አይክፈትብኝ ትላለች። ብዙነህ አሁንም አልወደደውም፤ ጣሃ ይምጣ፣ መቅጃው ግን ጋላፊ ኬላ ላይ ይቅር ብሏል። ቃሲም ማረኝ ይልሃል። ኡበይዳም ሰላምታውን ልኳል። የጀመረውን ዳጉ ሳይጨርስ ስለማይተኛ በማግስቱ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ አባቱ መለሰለት ብሎ ነግሯል። ይህ ደብዳቤ አንተ ጋ ሳይደርስ ዳጉው አዋሽ ይገባል።

ላሽገው ስል አባባ ጻፍሽው ወይ እያሉ ይጨቀጭቁኛል። የቱን ብላቸው፣ ወይ ማለቴን አሉ። ጽፌዋለሁ አባባ።

እህትህ ኡሙሀኒ ሙሐመድአሚን
ሰመራ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.