በጎጆዋ ያበራሁት የሶላር መብራት

ነቀምቴ፣ ሐሙስ ጥር 14

ልጃችን ሌሊሳ ከሞተ ወዲህ ባሌ ቶሌራ ምሽቱን ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ከሥራ እንደተመለሰ ጓሮ ይወጣና አትክልቱ መሃል በሠራናት የቆርቆሮ ጎጆ ብቻውን ይሆናል። ጨለማ ውስጥ መቀመጡ አንጀቴን ስለበላኝ፣ ዛሬ ጠዋት እሱ ሲወጣ ጠብቄ ገበያ ሄድኩና የሶላር መብራት ገዛሁ። ፓኔሉን ፀሐይ እንዲያገኘው ቆርቆሮው ላይ አሳሰርኩት፤ አምፖሎቹን ደግሞ ከውስጥ አንጠለጠልኳቸው። ደስ ይለዋል ብዬ ምንም አልነገርኩትም።

ሲመሽ እንደ ልማዱ ወጣ። ትንሽ ቆይቼ ተከተልኩትና ማብሪያውን ተጫንኩ። ፊቱ በእንባ ርሷል።

በቀብሩ ቀን አንዲት እንባ አልወጣችውም። ሰው ሁሉ ጥንካሬውን ሲያደንቅ እኔ በሆዴ ቂም ይዤበት ነበር። ለካ በየምሽቱ እዚህ እየወጣ ሲያለቅስ ኖሯል።

ፊቱን በእጁ ጋርዶ፣ «ሃዳ ሌሊሳ፣ እባክሽ አጥፊው» አለኝ። የሌሊሳ እናት ማለቱ ነው። ልጁን ከቀበርን ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

አጠፋሁት። ወደ ቤት ልመለስ ስል፣ «ቁጭ በይ» አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እሱም ድምፁን አልደበቀም፣ እኔም አልደበቅሁም።

አሁን ገብቶ ጋደም ብሏል። መብራቱን ነገ ላውርደው ወይስ ይቆይ፣ መጠየቅ አልቻልኩም።