ከቤት ውጪ የሚቀመጠው ቅጂ

ይድረስ ለአክስቴ፣ ለእናቴ ታናሽ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ስኳርሽስ ወረደልሽ ወይስ አሁንም ከልጆችሽ ተደብቀሽ ተምር ትበያለሽ? የኾምስ ንፋስ ዘንድሮም ያንን የቆርቆሮ ጣራሽን እያስጮኸው ይሆን? ከለቅሶው ወዲህ እግርሽ ከደጃችን ጠፍቷል፤ ጎረቤቶቹ ይጠይቁኛል፣ እኔም ጉልበቷን አሟት ነው እላቸዋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ መብራት ሲመጣ ልብስ አጥባለሁ፣ ሲሄድ ቁጭ እላለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽን ሁልጊዜ የሚያነሱት ልጆችሽ ስለሆኑ ነው። ከዚህ ጋር በሣጥን የላክሁት ጣፋጭ፣ መቅሩዱ፣ ለእነሱ ነው፤ ተምሩን አብዝቼበታለሁና አንቺ እንዳትነኪው። ከሣጥኑ ሥር በጨርቅ የጠቀለልኩት ትንሽ ነገር አለ፤ ደብዳቤውን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለማንም እንዳታሳዪው።

ነገሩ የእህቴ የጋልያ ነው። ከድንበር ማዶ፣ ከስፋክስ ደውላ የሠርጓ ቪዲዮ ያለበት ሃርድ ዲስክ መሞቱን ነገረችኝ። ከወርቋ ጋር በአንድ ሣጥን ነበር የምታስቀምጠው፤ ቤት ሲቀይሩ ሣጥኑ ከደረጃ ላይ ወደቀ። ወርቁን ጭረት እንኳን አልነካውም። እዚያ ላለ ጠጋኝ፣ የሴት ፀጉር አለበትና አንዲት ነገር ብትከፍት አላህ ይፍረድብህ ብላ አስምላ ሰጠችው። ሰውየውም "እህቴ፣ መሐላውን በከንቱ ነው ያደከምሽው፤ ውስጡ ያለው ሳህን ተፍቋል፣ ይህን የሚያነበው አላህ ብቻ ነው" ብሎ መለሰላት።

ሌላ ቅጂ አልነበረም። የእኛን ሠርግ ታውቂዋለሽ፤ ማንም እንዳይቀርጽ በር ላይ ቆመሽ የሴቶቹን ስልክ በከረጢት ስትሰበስቢ የነበርሽው አንቺው ነሽ። እኔም እንጀራዬ በሆነው በየሠርጉ ቀረጻ እንደማደርገው፣ የቀረጽኩትን ለጋልያ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ፣ የካሜራውን ሚሞሪ እናታችን እያየች አጠፋሁት። አላህ ይዘንላትና "በሰው እናት ፊት የምታደርጊውን በእኔም ፊት አድርጊ፤ ልጄ ነሽ ብዬ አላልፍሽም" አለችኝ። ጋልያን ሁለተኛ ቅጂ ያዢ፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ብያት ነበር። ሳቀችብኝ። "አንቺ ደግሞ! ፀጉሬን ሁለት ቦታ ላስቀምጠው እንዴ?" አለች። በእኛ ዘንድ ቅጂ ማብዛት ነውር ማብዛት ነው።

አሁን ግን የምታለቅሰው ለፀጉሯ አልነበረም። እናታችን ለመታወቂያ ካልሆነ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ስትስቅ፣ ስትንቀሳቀስ የምትታየው በዚያ ሠርግ ላይ ብቻ ነው። ጋልያ ድንበሩ ተዘግቶባት ለቀብሩ እንኳን አልደረሰችም። አሁን እርጉዝ ናት፤ ልጅሽ ሴት ናት ብለዋታል። "አያትሽ ይቺ ናት ብዬ የማሳያት ነገር ፈልጊልኝ" አለችኝ። ከዚያም ሁሌ የምትለውን ደገመችው፦ "እኔ ስሄድ ጤነኛ ነበረች አይደል? አሟት ቢሆን ኖሮ ሠርጉም ይቅር፣ ባሉም ይቅር ብዬ ከአጠገቧ አልለይም ነበር። ጤነኛ ነበረች አይደል?" እኔም እንደ ወትሮው አዎ አልኳት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እሷ ስታለቅስ እኔ የስልኬን ባትሪ ነበር የማየው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ምንም አይሰማኝም። ሰው ጠንካራ ናት ይለኛል። ጥንካሬ አይደለም። የጥርስ ሐኪም አደንዝዞሽ ስትወጪ ከንፈርሽን ብትነኪው የሌላ ሰው ከንፈር ይመስልሻል አይደል? እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ነው። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ሚሞሪው ግን ነበር። ከጋልያ ሠርግ በኋላ እናቴ ታመመች፣ ሥራዬን ትቼ ቤት ዋልኩ፣ ካሜራውም ከነሚሞሪው ቦርሳው ውስጥ ቀረ። ይዤው ሐጂ አያድ ዘንድ ሄድኩ። ከስልክ ሻጮቹ መደዳ መጨረሻ ላይ ያሉት፣ የጠፋ ፋይል የሚመልሱት ሽማግሌ ናቸው። ጠፍቷል አልኳቸው። "ጠፋ የሚባል ነገር የለም ልጄ" አሉኝ። "ማጥፋት ማለት የቤቱን ቁጥር ከበሩ ላይ መንቀል ነው። ሌላ ተከራይ እስኪገባበት ድረስ ሰውየው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል።" በስንቷ ሙሽራ እናት ፊት "ይኸው ጠፋ" እንዳልኩ አሰብኩ። መደንገጥ ነበረብኝ። አልደነገጥኩም።

ችግሩ ሌላ ነበር። ፕሮግራሙ የሚመልሰው ፋይል ስም የለው፣ ተራ የለው፤ የቀደሙት ሠርጎች ቁርጥራጭም አብሮ ይመጣል። የቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ እየተከፈተ መታየት አለበት። የሰው ሚስት፣ የሰው ልጅ ፀጉሯን ፈትታ ስትጨፍር ደግሞ ወንድ ሊያይ አይችልም። ሳልነግራቸው ገባቸው። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ፣ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አንድ የጎማ መደብር ያሳተመው የቀን መቁጠሪያ ፊት ለፊት ተቀመጡ። "አትሳቀቂ፤ ቤትም ሚስቴ ስትቆጣ የማየው ግድግዳ ነው። አንቺ ክፈቺ፣ እኔ እጠይቅሻለሁ" አሉኝ።

እንዲህ ሆነን ዋልን። "ተከፈተ?" ይላሉ። ተከፈተ እላለሁ። "ይንቀሳቀሳል ወይስ ግራጫ ነው?" ግራጫ ነው። "እለፊው።" ግማሽ ፊቷ የሌለ ሙሽራ መጣች። ኬክ መጣ። የማን እንደሆነ የማላውቀው እጅ ሂና ሲቀባ መጣ። ከዚያ እናቴ መጣች።

"ይንቀሳቀሳል?" አሉኝ። ይንቀሳቀሳል አልኩ። "ድምፅስ አለው?" ከበሮ ብቻ ነው የሚሰማው አልኩ። "እሰይ። መሀል ላይ ሊቆረጥ ስለሚችል እስከ መጨረሻው እይው" አሉኝ። እስከ መጨረሻው አየሁት።

ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ትቼ እራት ልበላ የሄድኩበት ጊዜ ነው። ከአዳራሹ ጥግ፣ ከምሰሶው ጀርባ፣ ሁለት ወንበሮች ይታያሉ። እናቴ ያንን ወይን ጠጅ ሐር ለብሳ ተቀምጣለች፣ አንቺ አጠገቧ ነሽ። ማንም አያየንም ብላችኋል። እጅሽን ያዘችና በሐሩ ሥር አሳልፋ ከግራ ብብቷ ዝቅ አድርጋ አስቀመጠችው። እጅሽ እዚያው ቆየ። ከዚያ እሳት እንደነካው ሰው መንጭቀሽ አወጣሽው። የሆነ ነገር መናገር ስትጀምሪ መዳፏን አፍሽ ላይ ጫነችው፤ በአገጯ ጋልያን አሳየችሽ። ጋልያ የሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና ትስቃለች። እናቴ እንባሽን በአውራ ጣቷ ጠረገችልሽ፣ ሐሯን አስተካከለች፣ ተነሥታ መሀል ገባችና ጨፈረች። ሴቶቹ እስከ ዛሬ የሚያወሩለት ጭፈራ ያ ነው።

ከስንት ወራት በኋላ ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት "እብጠቱን ካገኘሁት ሳምንት አይሆነኝም" አላለችም? ሐኪሙ ምነው ቀደም ብላችሁ ባመጣችኋት ሲል አንቺ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታዪ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

"አገኘሽው እንዴ?" አሉኝ ሐጂ አያድ ከግድግዳቸው። አገኘሁት አልኳቸው። "ታዲያ ምነው? ሰው እዚህ ቤት ሲያገኝ ወይ እልል ይላል ወይ ያለቅሳል። አንቺ ደረሰኝ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ አልሽ።" ቪዲዮው ይቆረጥ እንደሆን ጠየቅኳቸው። "ይቆረጣል። ከየት ይጀምርልሽ?" አሉኝ። ከወንበሯ ከተነሣችበት አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። የቱን እንደምጫን ጀርባቸውን ሰጥተው ነገሩኝ፣ እኔ ቆረጥኩ። ስወጣ "ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጪው፤ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን። ቤት ይቃጠላል፣ ይዘረፋል፣ ሰውም ጥሎት ይሰደዳል። ያየነው ነው" ብለው ሸኙኝ።

ለጋልያ ከተነሣችበት ያለውን ላክሁላት። እሷም ዛሬ ነውሩን ረስታ ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጣ አንዱን አማቷ ዘንድ አኑራለች። ሙሉው አንድ እኔ ዘንድ አለ። ሌላው ከመቅሩዱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለው ነው። ብትፈልጊ እዪው፣ ብትፈልጊ ባሕር ጣዪው፤ የት አደረስሽው ብዬ አልጠይቅሽም።

ጋልያ አይታው ደወለች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። "አየሻት ስትሽከረከር? ፊቷ እንዴት ያበራል! እኛ ሁለታችን ተደምረን እንደሷ አንጨፍርም። ያኔ ምንም አልነበራትም አይደል?" አለችኝ። ምንም አልነበራትም አልኳት። በፊት እንዲህ ስላት የማውቀው ነገር አልነበረም። አሁን እያወቅሁ አልኩት፤ ድምፄም አልተለወጠ፣ እሷም አልጠረጠረች።

አክስቴ፣ እኔ ገና መጀመሬ ነው። አንቺ ግን ያን ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ከኾምስ እየመጣሽ፣ ሾርባዋን ሠርተሽ፣ በቀልድ አስቀሻት፣ እኔን ደግሞ በር ድረስ ስሸኝሽ "ይሻላታል፣ አይዞሽ" ብለሽኝ ትሄጂ ነበር። እንዴት አድርገሽ ነው የቻልሽው? ለወቀሳ አይደለም የምጠይቅሽ። ጋልያ ነገም ትደውላለች፣ ልጇንም ስትወልድ ትጠይቀኛለች፣ ልጅቷም ስታድግ ትጠይቀኛለች። ነይና አስተምሪኝ።

አላህ እናቴን በጀነት ያኑርልን። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ይባርክልሽ፣ አንቺንም ለእኔ ያቆይልኝ። አልጋሽ ተነጥፏል።

የእህትሽ ልጅ፣
ትልቋ