ከወተት ጣሳ የተቆረጠችው ቆርቆሮ

ልጄ ሙናዊር፣ አላህ ከፊትህም ከኋላህም ይጠብቅህ። የዶሃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ በርበሬውም ይሸጣል።

የፒካፓችን የኋላ ጎማ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይላወስ ጀመር፤ ሶማሌ ተራ ወሰድኩት። መካኒኩ ይመር «ዲፈረንሻሉ ይቀየር» ቢለኝ «መጀመሪያ ፍታው!» አልኩት። ሲፈታው፣ ከመሄድህ በፊት ከወተት ጣሳችን ቆርጠህ ክፍተቱን ለመሙላት አክስሉ ጋ የከተትካት ቆርቆሮ ተጨፍልቃ ወጣች። ሰማያዊ ቀለሟ እንኳ አልለቀቀም። ኩሽኔታው ተቀየረ፣ በቆርቆሮዋ ቦታ በልኩ የተሠራ የስፔሰር ቀለበት ገባ፤ ጎማውን ራሴ ወዘወዝኩት፣ ንቅንቅ የለም።

ያኔ «ተሠርቷል እማዬ» ብለኸኝ ነበር። አሁን በስልክ «ደህና ነኝ» ስትለኝም ድምፅህ ያው የዚያን ቀኑ ነው። የላላ ነገር ካለ በጣሳ አትደግፈው ልጄ፤ ለእኔ ንገረኝ።

ዱዓዬ አይለይህ።
እናትህ ሰዓደት